እትዬ ውስጡ ሳሉ ያነሣነው ቤት

ከሱዳኗ ገዳሪፍ የተነሣነው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጉዳያችን ፋው የሚኖሩትን አክስቴን እትዬ ዘነቡን እዚያው ገዳሪፍ ወዳለው ቤቴ ማምጣት ነበር። ወድቀው ዳሌያቸውን ከተጎዱ ሁለት ወር አልፏል፤ እኔ ግን የሰማሁት ባለፈው ሳምንት፣ ያውም ከጎረቤት ነው። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነኝ» ይሉኛል። በጣም ተናድጄ ነበር።

መኪናው የወዳጄ የኢድሪስ ነው። ኢድሪስ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ወላጆቹ ከመተማ የመጡ ናቸው፤ ዕድሜው ከእኔ ያንሳል። ከመኪናው ኋላ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ቤት ቀጥለናል፤ አልጋና መስኮት ያለው፣ ካራቫን የሚሉት ዓይነት። ጋቢናው እትዬን ይጎረብጣቸዋል ብዬ፣ ተኝተው ይምጡ ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳቢ ውስጥ ሰው አስተኝቶ መጎተት ልክ እንዳልሆነ ሁለታችንም አላጣነውም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው የሄድነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፤ ዋልካው አፈር ከላይ ደርቆ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ፋው ገበያ ደርሰን ፉል በሰሊጥ ዘይት በላን። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሽንኩርት ተወዷል ብሎ ለምልክት ያህል በተነልን።

እትዬ ጓዛቸውን በሁለት ጥቅል አስረው ጠበቁን። «ልጆችህን ላጣብብ ነው» አሉ ደጋግመው። እኒህ ሴት በድርቁ ዘመን የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከአርማጭሆ እስከ ድንበር አዝለውኝ የመጡ ናቸው። ምን ማጣበብ አለ!

ስምንት ሰዓት፣ መንገድ ላይ

እትዬን ተሳቢው ውስጥ አስተኝተን ስንመለስ፣ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳንደርስ የተሳቢው የቀኝ ጎማ ፈነዳ። ኢድሪስ ቀስ ብሎ ከአስፋልቱ ወጣ። በመስኮት ባይ እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ወንድሜ፣ ኻልቲን እናውርዳቸው» አለኝ ኢድሪስ፤ አክስቴን እንደ አገሩ ልማድ ኻልቲ ይላቸዋል። ያዘሉኝን ሴት፣ ገና እንቅልፍ ሲወስዳቸው፣ በዚህ ፀሐይ ይውረዱ ልበል? አፌን ያዘኝ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ተዋቸው አልኩት። እሱም ታላቁን መገሠጽ ነውር ሆነበትና ክሪክ ሊያወጣ ሄደ።

የቀረውን እንደ ደንቡ አደረግን። ተሳቢውን ከመኪናው ሳንፈታ የሁለቱንም የእጅ ፍሬን ያዝን፤ ደህናውን ጎማ ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ታኮ አደረግንለት፤ ብሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ እንዳለ አላላናቸው። ክሪኩን ሁለቱን ጎማዎች ከሚያያይዘው ብረት ሥር፣ መዳፍ በምታህል ድንጋይ ላይ አቆምነው። ከላይ የደረቀው ዋልካ ከሥሩ ገና ጭቃ ነበር። ይህንንም ማወቅ ነበረብን።

ኋላ እንደነገሩን፣ ቤቱ ከፍ ሲል እትዬ ነቅተዋል። አልጠሩንም። ክብደታቸው እንዳያስቸግረን ብለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በዚያ ዳሌያቸው ወደ ሌላው ጥግ ይሳቡ ጀመር። ቤቱ ተወዛወዘ፤ ክሪኩ ከነድንጋዩ ሰመጠና ተንሸራቶ ወጣ። ጎማውን ገና ስላላወለቅነው ቤቱ በፈነዳው ጎማ ላይ ዘጭ አለ። ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ።

በሩን የከፈትኩት በየትኛው እጄ እንደሆነ አላውቅም። እትዬ በጓዛቸው ጥቅል ላይ ወድቀዋል። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ደህና ነኝ» አሉ። ቀጥሎ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣

«ለምን ውረጂ አላልከኝም?» አሉኝ።

«አፈርኩ፣ እትዬ።»

«አክብረህ ልትቀብረኝ ነበር እኮ።»

ኢድሪስ አንገቱን ደፋ።

ደግፈን አወረድናቸውና ከአንዲት ግራር ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው። ከአልጋቸው ሥር ሰፊ ሳንቃ አወጣን፤ ጠንካራው እስኪወጣ አፈሩን ጫርነው፤ ሳንቃውን አነጠፍንና ክሪኩን መሐሉ ላይ አቆምን። በሩን ዘጋን። ጎማው ከመሬት እስኪለቅ ብቻ አነሣን፤ ከሥር እጅም እግርም አላስገባንም። የፈነዳውን አውልቀን ትርፉን ጎማ ገጠምን፤ ብሎኖቹን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያፈራረቅን ያዝናቸው፤ መሬት ካስነካን በኋላ አጠበቅናቸው። ጥቂት ተጉዘንም እንደገና ፈተሽናቸው። እትዬ ከጥላው ሆነው እያንዳንዷን ሥራችንን ይቆጣጠሩ ነበር።

ጉዞ ስንጀምር እትዬ ጋቢና ገቡ። አይጎረብጥዎትም ወይ ብላቸው፣ መች ጠየቅኸኝ አሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ገዳሪፍ

የተማርኩት ስለ ክሪክ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሕመማቸውን የደበቁኝ እንዳያስቸግሩኝ ነው፤ እኔም ፀሐይ ላይ ላለማውረድ ብዬ ልገድላቸው ነበር። የያዘን በሽታ አንድ ነው። ደጃፌ ላይ መኪናው እንደቆመ ይህን ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው።

«እኔ ይውረዱ ማለት እለምዳለሁ» አልኩ፤ «እርስዎም ያመኛል ማለት ይልመዱ።»

እትዬ የቤቴን ሦስት ደረጃዎች አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«እንግዲያው ያመኛል» አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ በጣም ነው የሚያመኝ። ደረጃውን መውጣት አልችልም።»

ታቅፌ አስገባኋቸው።