ስብሰባ ጠርቼ ለቅሶ ተቀመጥኩ

ባለፈው ቅዳሜ ስብሰባ ጠርቼ ብቻዬን ተሰበሰብኩ...

ነገሩ እንዲህ ነው። አምቦ ተወልጄ አምቦ ስሠራ ኖሬ፣ ዘንድሮ ከአምቦ ወዲያ ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ተላኩ። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቿ ፌስቡክ ላይ አሉ። ከተማ ስል እንግዲህ አንድ መንገድ፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ ጥቂት ሱቆችና ብዙ ባሕር ዛፍ። ማዘጋጃ ቤት ተፈቀደላትና የመጀመሪያዋ ሠራተኛ እኔ ሆንኩ። ባለሙያም፣ ጸሐፊም፣ ጽዳትም እኔው ነኝ። ቢሮዬ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። ማህተም ተሰጥቶኛል፤ ማህተም የሚያስመታ ሰው ግን የለም።

ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ማዘጋጃ መጣ ማለት ግብር መጣ፣ መሬቴ ተለካ ማለት ነው ብሎ ፈርቷል። ሱቅ ስገባ ወሬው ይቆማል። የምገዛውን ገዝቼ ስወጣ ከኋላዬ ይቀጥላል። ማታ ቤቴ ገብቼ ዛሬ ከማን ጋር አወራሁ ብዬ ሳስብ... «ሳሙና አለ?» «አለ።» ይኸው ነው። አራት ወር እንዲህ ኖርኩ። ብቸኝነት ሰው መሃል ሲሆን ይብሳል፣ እውነቴን ነው።

የቅዳሜው ስብሰባ የነዋሪዎች ኮሚቴ ለማስመረጥ ነበር። ኮሚቴ ከሌለ የከተማው ወሰን አይጸድቅም፤ ወሰኑ ካልጸደቀ ምክር ቤት የለም፣ ከንቲባም የለም። ማዘጋጃ ቤቱ እኔና ማህተሜ ብቻ ሆነን እንቀራለን። ዋዜማውን ባጃጅ ላይ ሆኜ በሜጋፎን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ስለፈልፍ ዋልኩ። በነጋታው ወንበር ተውሼ ደረደርኩ። አንድም ሰው አልመጣም። ብወጣ ሱቁ ዝግ፣ ወፍጮው ዝግ።

የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ብቻ በሩ ላይ ተቀምጧል። «ሁሉም ቀብር ሄዷል» አለኝ። «አደ ጫልቱ ዐርፈዋል። ዓረብ አገር ያለች ልጃቸው መድረሷን እንጃ።»

አደ ጫልቱ የሚሏቸውን ወይዘሮ አላውቃቸውም። ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው የማያስበው ነገር የለም... ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጥ የለ? እግረ መንገዴን ለቅሶ ደርሼ፣ በዚያው ለሽማግሌዎቹ ስለ ኮሚቴው ጣል አደርጋለሁ አልኩ። አዎ፣ አውቃለሁ። አትስደቡኝ።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ፀሐይ ጨለማ ቤት ስገባ ምንም አልታየኝም። አንዲት ሴት እጄን ይዛ «ነይ፣ እዚህ» ብላ አስቀመጠችኝ። ዓይኔ ሲለምድ ለካ ፍራሹ ላይ ነኝ... መሬት ላይ የሚነጠፈው፣ የሟች የቅርብ ቤተሰብ የሚቀመጥበት ፍራሽ። ከጎኔ ያሉት አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። የሟች እህት ነበሩ።

ልነሳ ስል ከገጠር የመጡ ለቀስተኞች ገቡ። አንዷ ጎንበስ ብላ አቀፈችኝ። «ዋቀዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ... እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ሳትደርሺላት ሄደች አይደል?» ሌላዋ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። «ልጅ ሆነሽ ነው የማውቅሽ። ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

ያኔ ገባኝ። ዓረብ አገር ያለችው የአደ ጫልቱ ልጅ መስያቸዋለሁ።

«አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ... የወጣው ለቅሶ ነው። አራት ወር ሙሉ «ምነው ከሳሽ» ያለኝ ሰው አልነበረም። በሕይወት አይቻቸው ለማላውቃቸው ሴትዮ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹም እኔን አይተው እንደ አዲስ ጀመሩት።

በዚህ መሃል ኦቦ ቶሌራ ገቡ። የእድሩ ዳኛ ናቸው። ከዚህ በፊት ቢሮዬ በር ላይ ቆመው «ማዘጋጃ አልጠየቅንም» ብለውኝ የሄዱ ሰውዬ። ትኩር ብለው አዩኝ።

«ይቺ የማዘጋጃዋ አይደለችም እንዴ?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነጠላዬን ሰብስቤ ልነሳ ስል የሟች እህት ጉልበቴን ጫን አድርገው ያዙኝ።

«ማን እንደሆነች ስትገባም አውቄያለሁ» አሉ። «የእህቴ ልጅ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም፣ አትመጣም። ፍራሹ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ተዋት፣ ትቀመጥ።»

ኦቦ ቶሌራ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። እኔም እስኪመሽ ተቀመጥኩ። የእህትየው እጅ ከጉልበቴ ላይ አልተነሳም። ስለ ኮሚቴው አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

እሑድ አለቃዬ ከአምቦ ደወለ። «ስብሰባው እንዴት ነበር?»

«ሰው በብዛት ተገኝቷል» አልኩት። አልዋሸሁም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ኦቦ ቶሌራ በሩ ላይ ቆመዋል። ልቤ ዘለለች... ኮሚቴው! ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም።

«የኮሚቴውን ነገር ገና አላመንበትም» አሉኝ። «የመጣሁት ለሌላ ነው። እዚህ አገር ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም ኦቦ ቶሌራ።»

ክፍሉን፣ ባዶዎቹን ወንበሮች፣ እኔን አዩ።

«እንግዲያው የፊታችን እሑድ እድሩ ይሰበሰባል። ነይና ተመዝገቢ» ብለውኝ ሄዱ።

ከተማዋ እስካሁን ከንቲባ የላትም። እኔ ግን ቀባሪ አለኝ።