ኪስ ውስጥ የገባው ሠርግ

እንደ አንዳርጋቸው ይቅርታ መጠየቅ የሚከብደው ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ይቅርታ ከመጠየቅ ዕቃ መግዛት ይቀለዋል። ሚስቱን ሰገነትን ያስቀየመ ዕለት ሳሎኑ ውስጥ አንድ አዲስ ነገር ይገባል፤ ሰገነትም ዕቃውን አይታ የጥፋቱን ትልቅነት ትገምታለች። ታዲያ እህቱ ሀኒ በተዳረች በሳምንቱ ገበያ ወርዶ የኪስ ፕሮጀክተር ይዞ ሲገባ፣ ሰገነት ዕቃዋን አገላብጣ አየችና «ለአባባ ነው?» አለችው። ዕቃዋን ከእጇ ተቀብሎ ኪሱ ከተታት።

ለአባቱ ነበር። አቶ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዘጌ ቡና ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አምና ከዛፍ ወድቀው ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ከአልጋ አይነሱም። ቤታቸው ደግሞ መኪና አይደርስበትም፤ ከጀልባው ማቆሚያ ተነስቶ በጫካው መሀል ሽቅብ የሚያወጣ የእግር መንገድ ነው። በዚያ መንገድ በሽተኛ የሚወርደው በቃሬዛ፣ በሰፈሩ ወንዶች ትከሻ ነው። ሠርጉ ሲቃረብ የእድሩ ዳኛ አቶ መርስዔ ኀዘን ራሳቸው ደውለውለት ነበር። «አባትህን እኛ እንሸከማለን። ጀልባውንም አብረን እንሻገራለን፤ አዳራሹ ድረስ ይዘናቸው እንገባለን» አሉት።

አንዳርጋቸው አዳራሹን አሰበ። የሚሠራበት ፋብሪካ ባልደረቦቹ ከነሚስቶቻቸው፣ የሙሽራው ዘመዶች በሙሉ ልብስ፣ ምንጣፉም ቀይ። በዚያ መሀል ላብ ያጠመቃቸው፣ ጭቃ የረገጡ ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ሲገቡ ታየው። «ሐኪሙ ጀልባ ከልክሏቸዋል» አላቸው። የከለከለ ሐኪም አልነበረም። በሠርጉ ዕለት የሙሽሪት አባት ወንበር ባዶ እንዳይሆን ብሎ የክፍል ኃላፊውን አቶ ይትባረክን አስቀመጠበት፤ ሀኒም ጎንበስ ብላ የሰውየውን ጉልበት ሳመች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለአባቱ ምን እንደሚገዛላቸው ያስብ ጀመር።

ፕሮጀክተሯን የሸጠለት ሰላህ ዕቃው እንዲሸጥለት ብሎ የሚዋሽ ነጋዴ አይደለም። «ጎበዝ ናት» አለው። «ኪስህ ትገባለች፣ መብራት ቢጠፋም አትቸገር፣ ግድግዳውን ሙሉ ሠርግ ታደርግልሃለች። ግን ጨለማ ትወዳለች። ቀን ብታበራት ጥላ ነው የምታይ። ድምጿም ሹክሹክታ ነው፤ ሰው ዝም ካላለ አይሰማም። ባትሪዋም ብዙ አይቆይ። ኋላ አልነገርኸኝም እንዳትል።»

ጨለማ በዘጌ በየምሽቱ ሳይጠሩት ይመጣል፤ አንድ ሌሊት ማደር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አንዳርጋቸው ግን ማደር አልፈለገም። ካደረ ወሬ ይመጣል፣ ወሬ ከመጣ ደግሞ የሐኪሙ ነገር ይነሳል። በጠዋቱ ጀልባ ሄዶ በማታው ሊመለስ ወሰነ።

እናቱ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስመው አልተመለሱም ነበር። አባቱ አልጋቸው ላይ ሆነው ተቀበሉት።

«የሀኒን ሠርግ ይዤልዎ መጣሁ» አላቸው።

«የታለ?»

ኪሱን መታ መታ አደረገ። አቶ ኪዳነ ወልድ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሠርግ በኪስ! እስቲ አውጣዋ!»

አወጣው፤ ግን አልሆነም። በሩን ዘጋ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈነ። የግድግዳው ጭቃ በየጎኑ ተሰነጣጥቆ ኖሮ የረፋዱ ፀሐይ በየቀዳዳው ይገባል። ከሙሽሪት ቬሎ በቀር ምንም አይታይም፤ እሱም እንደ ጉም። አባቱ አንገታቸውን አስግገው አዩ፣ አዩና «ዓይኔ ነው መሰል» አሉ። ዓይናቸው እንዳልሆነ እያወቀ ብርድ ልብሱን ዳግመኛ ወጠረ። ያኔ ነው የእድሩ ድንኳን ትዝ ያለው፤ ወፍራም ሸራ፣ ቀዳዳ የሌለው።

የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የምትይዘው ሴት ደጇ ላይ ነበረች። «ድንኳኑን ፈልጌ ነበር፤ ለአባቴ ነው» አላት። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጭና አንድም ነገር ሳትጠይቅ ከፈተችለት። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አይጠየቅማ! መንገድ ላይ ያገኙት ሁለት ሰዎችም ቆባቸውን አውልቀው ሸክሙን ከትከሻው ተቀበሉት፤ ቃል ሳይተነፍሱ ግቢው ውስጥ ተከሉለትና ፈጥነው ሄዱ። አንዳርጋቸው «ያገሬ ሰው እኮ ደግ ነው» ብሎ ተደሰተ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ በጠራራ ፀሐይ በበሽተኛ ደጅ የእድር ድንኳን ሲተከል ምን ማለት እንደሆነ ከተማው አስረስቶታል።

አባቱን ብቻውን አቅፎ አወጣቸው። ክንዱ ላይ አልከበዱትም። እስከ ጀልባው ድረስ ብቻዬን ላወርዳቸው እችል ነበር ብሎ አሰበና ፊቱ ጋለ። ድንኳኑ በሸፈነው የደጅ መደብ ላይ አስደግፎ አስቀመጣቸው፤ የእናቱን ትርፍ ነጠላ ፊት ለፊት ወጥሮ አበራ። ትንሽ ይሻላል እንጂ አሁንም የደበዘዘ ነው። ነጠላው ላይ ሀኒ እየመጣች እያለ ከሩቅ አንድ ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያ ሌላ። የፕሮጀክተሯ ትንሽ ዘፈን ወዲያው ተዋጠ።

«ወንድሜ ኪዳነ ወልድ! ወንድሜን!»

አቶ ኪዳነ ወልድ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ማን ሞተ?» አሉ። ከዚያ ስማቸውን ደግመው ሰሙት፤ ቀና ብለው የድንኳኑን ጣራ አዩ። አንዳርጋቸውም አየ። ዕቃዋን አጥፍቶ ተነሳ።

መጋረጃውን ገልጠው የገቡት አቶ መርስዔ ኀዘን ናቸው፤ ከኋላቸው ሰዎች ቃሬዛ ይዘዋል። ከእነሱ መሀል ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ነጠላቸውን አሸርጠው፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። መርዶውን የሰሙት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ነው። ባላቸውን መደቡ ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ከሠርጉ ቀረሁ» አሉ አቶ ኪዳነ ወልድ፤ «ለራሴ ለቅሶ ግን ደረስሁ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ የተከተለው ግን አልነበረም። አንዳርጋቸው እየተንተባተበ ስለ ፕሮጀክተሯ፣ ስለ ጨለማው አስረዳ። አቶ መርስዔ ኀዘን እስኪጨርስ ሰሙት፤ ከዚያ ቃሬዛውን እግሩ ሥር አስቀመጡ። «ለሠርጉም ይኸው ቃሬዛ ነበር» አሉት። እናቱ መሬት ላይ እንደተቀመጡ ያለቅሳሉ፤ ደስታ ይሁን ድንጋጤ አይለይም። አንዳርጋቸው ሊያነሳቸው ጎንበስ ሲል እጁን መለሱበት።

የማታው ጀልባ ጡሩምባ ሲያሰማ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ሊያለቅስ የመጣው ሰውም አልሄደም። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ አባቱ «በል እንግዲህ አብራት» አሉ።

ሰላህ አልዋሸም። ሸራው ውስጥ ሲጨልም ነጠላው በሙሉ ሠርግ ሆነ፤ የሀኒ የጆሮ ጌጥ እንኳ ያብለጨልጫል። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ስላዳመጠ ያቺ ሹክሹክታም ተሰማች። ሀኒ መጣች፤ ወንበሩ ጋ ደረሰች፤ ጎንበስ ብላ ጉልበት ሳመች።

«እኒህ ማን ናቸው?» አሉ አባቱ።

«አለቃዬ ናቸው።»

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪም አልነበረም፣ አባዬ። እኔ ነኝ የከለከልሁዎ።» ወደ ቃሬዛው ዞረ። «ቃሬዛውን አፍሬበት ነው።»

ቃሬዛውን የሚሸከሙት ሰዎች ሁሉ እዚያው ነበሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። አቶ ኪዳነ ወልድ ግን ወደ እሱ አልዞሩም። «ወደ ኋላ መልሳት» አሉ፤ «ጎንበስ ከምትልበት።» ከዚያም ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና ጠበቁ።

አንዳርጋቸው ገባው። ዕቃዋን በመዳፉ ይዞ ከነጠላው ፊት ቀስ አድርጎ አዞራት። አቶ ይትባረክ ከነወንበራቸው ከጋቢው ጠርዝ ወድቀው ጨለማ ውስጥ ጠፉ፤ ሀኒ ብቻ ነጩ ጋቢ ላይ፣ አባቷ ጉልበት ላይ ጎንበስ አለች። አዛውንቱ እጃቸውን አነሱ፤ ቬሎዋ የእጃቸው ጀርባ ላይ አረፈ። «ውለጂ፣ ክበጂ፣ የኔ ልጅ። ቤትሽን ይባርከው» አሉ። ለለቅሶ የመጣው ሰው በሙሉ «አሜን» አለ። እናቱም አሉ።

ባትሪዋ እዚያ ላይ አለቀ።

አንዳርጋቸው በጨለማው ተንበርክኮ የአባቱን ጉልበት ሳመ። እጃቸው ፈልጎ ራሱን አገኘውና እዚያው አረፈ። እሱም ምርቃቱን ጠበቀ።

«ነገ በጠዋቱ ጀልባ ሀኒ ቤት ትወስዱኛላችሁ» አሉ አባቱ። «ቃሬዛውን ከፊት አንተ ትይዛለህ። በፋብሪካህ በር በኩል ነው የምናልፍ።»

«እሺ» አለ።