ለሽማግሌ ብለን ለመርዶ

ይህን የጉዞ ማስታወሻ የምጽፈው ንዴቴ አልበርድ ስላለኝ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ካለችው ከዋይሊ ከተማ ተነሥቼ እስከ ግዛቷ ሰሜናዊ ጥግ ነድቼ፣ በዚያው ቀን ወደ ዋይሊ ተመለስኩ። የሄድኩት ጋሽ ይማምን ላመጣ ነው። ጋሽ ይማም የደሴ ሰው ናቸው፤ ስድሳን ተሻግረዋል። ባለቤታቸውና ልጃቸው ሰዓዳ ዋይሊ ሲኖሩ እሳቸው ክፍያው ይሻላል ብለው አማሪሎ አጠገብ ባለ የሥጋ ፋብሪካ ይሠራሉ። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ከማል ይባላል፤ ወታደር ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት መኮንኖች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው የዋይሊ ቤታቸውን በር አንኳኩ።

አሜሪካ ሩቅ ምሥራቅ ባሕር ላይ ላሉ ሁለት ደሴቶች ብላ የገባችበት ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሲጀመር ዓላማው ደሴቶቹን ከወራሪ ማስለቀቅ ነው ተባለ። ተለቀቁ። ከዚያ የመርከብ መተላለፊያውን ማስከፈት ነው ተባለ። ተከፈተ፤ ተመልሶም ተዘጋ። ቀጥሎ ጠላትን ለድርድር ማስገደድ ሆነ። ሰሞኑን ደግሞ «የገባነውን ቃል መጠበቅ ነው» ይላሉ። ቃሉ ለማን እንደተገባ ሲናገሩ አልሰማሁም። ከማል የፈረመው ገና የደሴቶቹ ወሬ ሳለ ነበር፤ ዜግነትና የኮሌጅ ክፍያ ታገኛለህ ብለውት።

መኮንኖቹ ለአባትየው ያሉበት ድረስ ሌሎች ሰዎች እንልካለን ሲሉ ያስቆመቻቸው ሰዓዳ ናት። «በእኛ ባህል መርዶ እንግዳ ሰው አይነግርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ሆኖ ነው። እኛ እናምጣውና እዚህ ንገሩት» አለቻቸው። እስከ አርብ ማታ ሊታገሡ ተስማሙ። ጋሽ ይማም እስከዚያ ዋይሊ ካልደረሱ ግን፣ ያሉበት አፓርትመንት ድረስ ሄደው በራቸውን ያንኳኳሉ።

ያን ማታ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ተመካከሩ። ሰውየው ምንም ሳያውቁ እንዴት ይምጡ? ሐጂ አሊ፣ ከሁሉም የሚበልጡት፣ «ለሰዓዳ ሽማግሌ ተልኳል በሉት። ይህን ሰምቶ የሚቀር አባት የለም» አሉ።

«ሐጂ፣ ሌላ ምክንያት ጠፋ?» አልኩ።

«ሚስትህ ታማለች ብንለው መንገድ ላይ ልቡ ይቆማል። ደስታ ሰው አይገድልም።»

ሰዓዳ እዚያው ተቀምጣለች። በስሟ ሰርግ ሲደገስ አንድም ሰው ዞር ብሎ አላያትም። እኔን የመረጡኝ ኤርፖርት ሰው የማመላልስበት ቫን ስላለኝና ወሬ ስለማውቅ ነው፤ «ሬዲዮ ሳትከፍት ታደርሰዋለህ» አሉኝ። ለጋሽ ይማም የሽማግሌው ወሬ በስልክ ተነገራቸው፤ አማሪሎ አብረዋቸው ለሚኖሩት ልጆች ደግሞ ተደውሎ፣ ሌላ ወሬ እንዳይደርሳቸው የእሳቸውን ስልክ ቻርጀር እንዲደብቁ ተነገራቸው።

አርብ ንጋት

ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ከመነሣቴ በፊት የቫኑን ሬዲዮ ቁልፍ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።

ፎርት ዎርዝን አልፌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስታጠፍ ነጋ። ዲኬተር ላይ ቤንዚን ሞላሁ። ከዚያ ወዲያ ከተማው እየሳሳ፣ ሰማዩ እየሰፋ ይሄዳል። በየድልድዩ አጥር ላይ ዘማች በሰላም እንዲመለስ የሚታሰረው ቢጫ ጥብጣብ አለ፤ በየከተማው መግቢያ የዘመቱ ልጆቻቸውን ፎቶ በትልቁ አሳትመው ሰቅለዋል። አንዳንዱ ፎቶ ከሥሩ ሁለት ዓመተ ምሕረት አለበት። እንደ ከማል ያሉ ልጆች ናቸው፤ ጢማቸው በቅጡ ያልበቀለ።

ዊቺታ ፎልስ ላይ እንቁላልና ድንች በስድስት ዶላር በላሁ፤ ቤከን የሚሉትን የአሳማ ሥጋ ተዉት ብዬ። ቨርነንን ካለፉ በኋላ ያለው የጥጥ አገር ነው። አዝመራው ደርሶ ሜዳው ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ ከጭነት መኪና የወደቀ ጥጥ የመንገዱን ዳር ይዞ ይሄዳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን መኪና አቁሜ ፎቶ አነሣ ነበር። ያን ቀን ግን ነጭ ነገር ሁሉ ከፈን መሰለኝ። ከፈን ሳስብ ደግሞ ንዴቴ መጣ። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው በዚያው ቀን ይቀበራል። የከማል አስከሬን መቼ እንደሚመጣ ሰዓዳ ስትጠይቅ «ሳምንታት ሊወስድ ይችላል» ነው ያሏት። ልጁን ሲወስዱት ግን አልዘገዩም ነበር።

አማሪሎ አጠገብ

ከተማው ከመድረሴ በፊት የከብቱ ሽታ ደረሰኝ። ጋሽ ይማም አፓርትመንታቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አዲስ ጃኬት ለብሰዋል፤ የእጅጌው መለያ ጨርቅ ገና አልተነሣም። አጠገባቸው ትልቅ የበረዶ ሳጥን አለ።

«ከሱማሌዎቹ ሱቅ ሙሉ በግ ገዛሁ። ሐላል ነው። ሽማግሌ ባዶ አፉን አይሸኝም» አሉኝ፤ አቅፈውም ሦስቴ ሳሙኝ። አብሯቸው የሚኖር አንድ ልጅ ከበስተኋላቸው ቆሞ እያየኝ ከንፈሩን ነከሰ።

ጁምዓን እዚያው ሰገድን። ትከሻችን ተገጣጥሞ እኔ ለከማል ነፍስ ስለምን፣ እሳቸው ለልጃቸው ትዳር ይለምናሉ። ሐጂ አሊን በሆዴ ረገምኳቸው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

የመልስ መንገድ

«የማን ልጅ ነው?» ሲሉ ጀመሩ፣ ገና ሀይዌይ ሳንይዝ።

«የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሮውሌት ነው የሚኖረው። ትራክ ይነዳል።» ሮውሌት የምኖረው እኔ ነኝ። ሌላ ሰፈር ቶሎ አልመጣልኝም።

«ይሰግዳል?»

«ይሰግዳል» አልኩ። ወላሂ ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«በል ስማ ሐሰን፣ እሺታዬን ቶሎ አልሰጥም። ወንድሟ ሳይመጣ አልድርም። ከማል ይምጣና እሱ እጇን ይዞ ያስረክባት። እኔማ ሽማግሌ ሆንኩ፤ ቢላዋ ሲይዝ የዋለ እጅ ይንቀጠቀጣል።» ሳቁ። ዓይኔን ከመንገዱ አላነሣሁም።

ትንሽ ቆይተው ሬዲዮውን ነካኩ። «ዜና እንስማ እስቲ፤ የደሴቷን ነገር።»

«ተበላሽቷል ጋሼ።»

«ቁልፉስ የት ሄደ?»

«ወደቀ መሰለኝ።» ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ጭኔን ይቆረቁረኛል።

«እንግዲያው አንተ ንገረኝ፤ ከእኔ እንግሊዝኛህ ይሻላል። የዚህ ጦርነት ነገር ምንድን ነው? መጀመሪያ ደሴት አሉ፣ ከዚያ መርከብ አሉ። አሁን ከማል ያለባትን ሰሜኗን ደሴት ይጠብቃሉ። ከማን? ለማን? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እነዚህ እኮ ቆጡም ላይ ምን እንዳለ አያውቁትም።»

«እኔም አላውቅም ጋሼ» አልኩ። ቀኑን ሙሉ ከተናገርኩት ውስጥ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር።

የእሳቸው ስልክ ሞቷል፤ ቻርጀሩም ጠፋባቸው። «ስልክህን ስጠኝ፣ ልጄን እንኳን ደስ ያለሽ ልበላት» አሉ። ምን ብዬ ልከልክል? ደወልኩና ድምፁን ለሁለታችንም ከፈትኩት።

«ሰዓዳ! የኔ ሙሽራ!»

«አባዬ… ኦኬ ነህ?»

«እኔማ ደስ ብሎኛል! አንቺስ ደስ ብሎሻል? ወደድሽው?»

«ማለቴ… ሶ… አዎ አባዬ። ሐሰን ቀስ ብሎ ድራይቭ ያድርግ። አይ ላቭ ዩ።» ከዚያ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ሲቃዋ ግን ተሰማ።

ስልኩን መለሱልኝና በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። «አፈረች። ጨዋ ልጅ ናት። ሴት ልጅ በዚህ ቀን ካላለቀሰች መቼ ታለቅሳለች?»

ችልድረስ

ችልድረስ ላይ ለቤንዚን ቆምኩ። እሳቸው ሽንት ቤት ብለው ገቡ፤ እኔም ቤንዚኑን ቀድቼ ተከተልኳቸው። ከገንዘብ ተቀባይዋ በላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ልመልሳቸው አልቻልኩም፤ ቀድመው አይተውታል። ካርታ፣ ቀይ ቀስት፣ መርከብ ላይ የሚወጡ ወታደሮች። ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ጦሩ ከሰሜኑ ደሴት ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ይናገራል። ከረባት ያሰረ ባለሥልጣን ብቅ ብሎ፣ ደሴቱ ለዘመቻው ዓላማ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም አለ። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ የሱቅ ሰዓት ተቀየረ እንደሚል ሰው ነው የተናገረው።

ከማል የሞተው ማክሰኞ ነው። በዚያው ደሴት። አርብ ቀን አስፈላጊ አይደለም ሊሉት።

«ምን አለ? ወጡ ነው ያለው?» ጋሽ ይማም ክንዴን ጨመቁኝ።

«አዎ ጋሼ። ወጥተዋል።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጮኹ። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄደው ደረታቸውን እየመቱ፣ ባላቸው እንግሊዝኛ፣ «ማይ ሰን! ዴር! ካሚንግ ሆም!» አሏት።

ሴትየዋ ጠና ያለች ናት። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ አቀፈቻቸው። «የእህቴም ልጅ እዚያ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ለቡናውም ለውኃውም ክፍያ አልቀበልም ብላ፣ ለእኔም አንድ ብስኩት ጨመረችልኝ።

ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። እጄ እስካሁን ያመኛል። በዚያች ደቂቃ ልነግራቸው ነበር። ነገር ግን በነዳጅ ማደያ መሃል፣ በማያውቁት አገር፣ አንድ ሰው ብቻ ይዟቸው? ሆድ ይፍጀው ብዬ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እሳቸው እያወሩ፣ እኔ እህ እያልኩ ጨረስነው። ሰርጉ ለከማል መምጫ ይደረግ አሉ። ለእሱም በዚያው ሚስት ይፈለግለት አሉ። ፀሐይ ከኋላችን ስትጠልቅ ትንሽ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ የበረዶው ሳጥን ከኋላ ወንበር ይንቋቋል።

ዋይሊ

ዋይሊ ቤቱ ሁሉ አዲስና አንድ ዓይነት ነው፤ በቁጥር ካልሆነ አይለይም። የእሳቸውን ቤት ግን በመኪናው ብዛት ማንም ይለየዋል። መንገዱ ግራና ቀኝ ሞልቶ እስከ ማዞሪያው ደርሷል።

«ይህን ሁሉ ሽማግሌ ነው የላኩት?» አሉ፤ ጃኬታቸውን አስተካከሉ። የእጅጌውን መለያ አሁን ገና አይተው በጥርሳቸው በጠሱት። የሳጥኑን አንድ ጆሮ እሳቸው፣ አንዱን እኔ ይዘን ሄድን።

ጋራዡ ተከፍቶ ወንዶቹ በወንበር ተደርድረዋል። ማንም አልተነሣም፤ ማንም እንኳን ደህና መጡ አላለም። ከዳር ሁለቱ መኮንኖች ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጋሽ ይማም ዩኒፎርሙን አዩ። በእሳቸው በኩል ያለው የሳጥኑ ጆሮ ከእጃቸው አመለጠ።

«ከማል ነው?»

ሐጂ አሊ ዱዓውን ጀመሩ። ወንዶቹ ተንደርድረው ደገፏቸው፤ ከውስጥ የሴቶቹ ጩኸት ወጣ። የሚይዛቸው ሰው አላጡም። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ መንገድ።

ሲረጋጉ ወንበር ሰጧቸው። ወጣቱ መኮንን ፊታቸው ተንበርክኮ፣ ልጃቸው ማክሰኞ ዕለት በሰሜኑ ደሴት መሞቱን በሥርዓቱ ነገራቸው፤ ሰዓዳ አጠገባቸው ቆማ ትተረጉማለች።

«ጠይቂልኝ» አሉ ጋሽ ይማም። «ዛሬ ከዚያች ደሴት ወጥታችኋል?»

«አዎ፣ ሰር።»

«ዛሬ ለምትተዉአት መሬት ማክሰኞ ልጄ ለምን ሞተ?»

መኮንኑ አፉን ከፈተ። ስለ ጀግንነት፣ ስለ አገር፣ ስለ ክብር የተጻፈለትን ጀመረ፤ መሃል ላይ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። ሰዓዳ መተርጎሟን ተወች።

«አባዬ፣ አያውቅም» አለች። «ወላሂ፣ እሱም አያውቅም።»

ጋሽ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። «ሐሰን፣ ቀኑን ሙሉ ዋሸኸኝ።»

«አዎ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«የአንተ ውሸት ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ወገኔ መሃል እንድወድቅ ብለህ ነው። የእነሱን ማን ይንገረኝ?»



ሮውሌት ስገባ ቤቴ ጨልሟል። ከዚያ ጉዞ የተማርኩት ጥቂት ነው። እኛ መርዶ ለመንገር እንኳ ሸንጎ ተቀምጠን ማን እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚባል፣ ማን እንደሚደግፍ ተነጋግረናል፤ ያም ሆኖ ተሳስተናል፤ በአንዲት ልጅ ስም የሐሰት ሰርግ ደግሰናል። እነሱ ልጆቹን ሲልኩ የዚህን ሩብ እንኳ አልተመካከሩም። በሦስተኛው ቀን በጉ ለሰደቃው ተቀቀለ፤ እኔም በላሁ። አስከሬኑን ግን እስካሁን እየጠበቅን ነው።