ሰኞ፣ አራት ሰዓት ከአስራ ሰባት

የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ «እትዬ ትንቢት» ነው የሚላት። የላቦራቶሪው ኮምፒውተር ሊያዘግም ሲል፣ የራጅ ክፍሉ ማሽን ዲስክ ሊሞላ ሲል ቀድማ ትናገራለች፤ ያለችው ደግሞ ጠብ አይልም።

«ምን ትንቢት አለ? የትናንቱን ስለማስቀምጥ ነው እንጂ!» ትላለች። ማን ይስማት!

እውነቷን ነው። አስራ ሁለት ዓመት ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጣ የታካሚ ቁጣ ስትጠጣ ከኖረች በኋላ ነው ኮምፒውተር ክፍል የገባችው። ሥራዋ ማሽኖቹ በየደቂቃው ምን ያህል እንደሚደክሙ የሚመዘግበውን ፕሮግራም መከታተል ነው። ፕሮግራሙ አንድ ክፉ አመል አለው፤ ወር ሲሞላው የደቂቃውን መዝገብ ጥሎ የየሰዓቱን አማካይ ብቻ ያስቀራል። ቦታ ለመቆጠብ ነው አሉ! እሷ ግን በየዓርቡ የደቂቃውን አሮጌ ዲስክ ላይ ትገለብጣለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዓርብ አላመለጣትም። አናጢው ባሏ «እኔን እንዲህ ብትከታተይኝ የት በደረስኩ!» እያለ ይቀልድባታል።

ጉዱን ያገኘችውም ከዚያ ዲስክ ነው። በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የወሩ ሪፖርት በራሱ መሥራት ይጀምራል። ያ ቀን ደግሞ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ለክትትል የሚጎርፉበት ቀን ነው። ሪፖርቱ ከጥንት ጀምሮ ያለውን ካርድ ሁሉ ስለሚያነብ በየወሩ ይከብዳል። አምና ዋናውን ኮምፒውተር አራት ደቂቃ ነበር የሚያስጨንቀው፤ ባለፈው ወር አስራ አምስት ደረሰ። የጭማሪውን መስመር ወረቀት ላይ ወደፊት ሳበችው። የፊታችን ሰኞ፣ አራት ሰዓት ከአስራ ሰባት ላይ፣ ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል።

ወረቀቷን ይዛ አዲሱ አለቃ ዘንድ ገባች። በዕድሜ ልጇ ስለሚሆን አንተ ትለዋለች፤ እሱ እርስዎ ይላታል።

«አርባ በመቶ!» አለ የራሱን ሠንጠረዥ እያሳያት። «ባለፈው ወር በዚያ ሰዓት የሠራው በአቅሙ አርባ በመቶ ነው። ምኑ ነው የሚቆመው?»

«እሱማ አማካዩ ነዋ! አስራ አምስት ደቂቃ መቶ ደርሶ፣ የቀረውን አርባ አምስት ሃያ ላይ ሲያንቀላፋ አርባ ይወጣል። ልጅህን አንድ ሰዓት ትኩሳት ቢያነደው፣ ከቀኑ ጋር ሲካፈል ደህና ነው ትላለህ?»

«ልጅ የለኝም» አለ ኮስተር ብሎ።

ሪፖርቱ ወደ እሁድ ከሰዓት ይዛወር ብላ ለመነችው። እሱ ግን የክትትሉን ሥራ ዘግቶ እሷን ዕቃ ግምጃ ቤት ሊያስገባት ካሰበ ሰንብቷል።

«እንፈትነዋ» አላት። «ምንም ሳንነካ ሰኞን እንጠብቅ። ባሉት ደቂቃ ከቆመ ወንበርዎ ላይ ይቆያሉ። ካልቆመ ግምጃ ቤት ይገባሉ።»

«ሪፖርቱ ቢዛወርስ?»

«ከተዛወረማ ምኑን አየነው? እንደተሸነፉ ነው የምቆጥረው።»

ጉድ በሉ! እንደምታሸንፍ አሳምራ ታውቃለች። የሚጠበቅባት ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። ያን ወንበር ደግሞ እንዴት እንደምትወደው! ግን ያን መስኮትም ታውቀዋለች። «ሲስተም የለም» ሲባል፣ ለደም ምርመራ በባዶ ሆዳቸው የመጡ ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈው ሲቆሙ አይታለች። አንዲት እናት እፊቷ ተዝለፍልፈው ወድቀው ያውቃሉ። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች።

«አዛውረው» አለችው። «ግምጃ ቤቱንም ገባሁልህ!»

አለቃው እንዳለው ግምጃ ቤት መደባት። ሪፖርቱም እሁድ ከሰዓት ሠራ።

ሰኞ ካርቶን ይዛ መጥታ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች። አራት ሰዓት ከአስራ ሰባት ሲሆን ስክሪኑን አየች። መስመሩ ለጥ ብሎ ይሄዳል። ብቻዋን ሳቀች፤ ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት።

አራት ተኩል ላይ አለቃው መጣ።

«አልቆመም» አለ።

«አልቆመም!» አለች ፊቷ እየበራ።

«ካርድ ክፍል ቆሜ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተቆጡኝ። ‹ልጄ የሚወስደኝ ስድስት ሰዓት ነው፤ እናንተ አሁኑኑ ጨርሰዋል ትሉኛላችሁ፤ እስከዚያ የት ልቀመጥ?› አሉኝ።»

እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሱ ግን ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «የትናንቱን የደቂቃ መዝገብ እስቲ ያሳዩኝ።»

ከፈተችለት። ሪፖርቱ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዘጠና በመቶ ላይ ተሰቅሏል።

«ማንም ሰው በሌለበት ዘጠና?»

«በሌለበት።»

«የዛሬው ሰው ብቻውንስ ስንት ወሰደ?»

«ሃያ አምስት።»

መደመር አላቃተውም፤ ከመቶ አለፈ። «ያውቁ ነበር» አለ። «ዝም ቢሉ ያሸንፉኝ ነበር እኮ!»

«አሸንፌህ ደግሞ ሰው ይውደቅብኝ?»

አለቃው ተነሳ። ካርቶኑን ራሱ ዘቅዝቆ ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ የኔ ኮምፒውተርስ?» አላት።

መዝገቧን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «ዲስኩ እየደከመ ነው። ከሐሙስ የሚያልፍ አይመስለኝም።»

«የትኛው ሐሙስ?»

«የዚህ ሳምንቱ።»

አለቃው ደህና ይዋሉ እንኳ ሳይላት፣ ፋይሎቹን ሊገለብጥ ወደ ቢሮው ሮጠ።