ሼባው ጎንበስ ሲል

ለቡ አዲሱ ቤት ስንገባ ልጄ ዕቃ እየለየች «ይሄስ ይጣል?» ብላ ያነሳችው የአሉሚኒየም ማስታጠቢያ ነው ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ። ጎኑ ተሰርጉዷል፣ አፉ በትንሹ ተጣሟል። «እሱን ከጣልሽ እኔንም አብረሽ ጣይኝ» አልኳት። የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ተቀብላት አፍንጫዋን ከተተችበት። የሳሙናና የብረት ሽታው ዛሬም አልለቀቀውም።

ልጅ እያለሁ ያ ማስታጠቢያ ከእጄ አይለይም ነበር። ቤታችን ነፋስ ስልክ ነበር፤ አባቴም የእድር ዳኛ ነበሩ። የእድር ዳኛ ቤት ደግሞ ሰው አያጣም። የተጣላ ይመጣል፣ ድንኳን የሚፈልግ ይመጣል፣ እሁድ ከሰዓት ደግሞ ሽማግሌዎቹ በሙሉ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ይመጣሉ። ከምግብ በፊት እጃቸውን የማስታጥባቸው እኔ ነበርኩ። አባቴ አጥብቀው ያስተማሩኝ ነገር ቢኖር ለእንግዳ ጀርባ አለመስጠትን ነው። «አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ጎንበስ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ጎንበስ። እስከ በሩ ድረስ» ይሉኝ ነበር። ሳፋው በእጅ እጣቢ ሞልቶ፣ ጠብ ሳይል! እናንተ የእኔ ዘመን ልጆች ይህን ታውቁታላችሁ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ መንታ ወለደችና አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ አዘልን። መንታዎቹ አድገው አንደኛ ክፍል ሲገቡ እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። «አንቺም አብረሻቸው ግቢ» ተባልኩ። ከታናናሾቼ ጎን፣ ጉልበቴ ከማይገባበት ወንበር ላይ መቀመጡን ሳስበው አፈርኩና እምቢ አልኩ። አሁን ሳስበው ማፈሬ ያሳፍረኛል። እንግዲህ ሆነ። ጠዋት ጠዋት መንደሩ ጭር ሲል እኔ ብቻዬን እቀር ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነበረች። ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ጅዳ ያለች ልጇ ቴሌቪዥንና የጌም ማሽን ላከችላትና የፊት ክፍሏን ጌም ቤት አደረገችው። መጋረጃው የማዳበሪያ ጆንያ፣ መቀመጫው ሁለት ዱካና አንድ የተሰበረ የመኪና ወንበር ነበር። ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ከመካኒሳ አቦ ሳይቀር ወንዶች እየሮጡ ይመጣሉ። የሸራ ጫማ ሽታ፣ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ፣ ጩኸት! የሚጫወቱት የድብድብ ጌም ነው፤ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ይነሳል።

እትዬ አስካለ ማሽኑን ሌሊቱን ስለሚበርደው ጠዋት ጠዋት ካልሞቀ ይበላሻል ብላ ታምን ነበር። ሟች ባለቤቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና ሞተር ሳይሞቅ አይነዳም ሲል ሰምታለች። ስለዚህ እናቴን አስፈቅዳ «ስንዱዬ፣ ነይና ሞተሩን አሙቂልኝ» ትለኝ ጀመር። ሁለት ሰዓት አካባቢ ስገባ ማሽኑን ታበራልኝና እሷ ጓዳ ገብታ ምስር ትለቅማለች። ጽሑፉ ሁሉ ለእኔ ጭረት ነው። ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ቢጫው ምልክት ሲደርስ ቁልፉን መጫን እንዳለብኝ ብቻ አውቃለሁ። ሌላው ጆይስቲክ መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ባላጋራዬ ዝም ብሎ ይቆምልኛል። እኔም አንዱን ሰውዬ ይዤ አንሸራሽረዋለሁ። ማሞቅ አይደል?

አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ አስካለ ቡና ቁርስ ላይ ጠራችኝና ወንዶቹ መሃል ገባሁ። ግድግዳው ላይ ጥቁር የተቀባ ጣውላ ተሰቅሏል። እሱ ላይ የአሥር ጎበዞች ስም በጠመኔ ተጽፏል። አሸንፎ የአንዱን ቦታ የያዘ ሁሉ ስሙ ይጻፋል። አንደኛው ቢኒ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ ልጅ። «እኔም ልጫወት» አልኩ፤ እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ቢኒ ዞሮ ሳያየኝ «ባለማስታጠቢያዋ! ብታሸንፊስ? ስምሽን ብጽፍልሽ ታነቢዋለሽ?» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሁሉም ነገር ተረስቶኝ ይሆናል፣ የዚያ ቀን ሳቅ ግን ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቤት ገብቼ ማድ ቤት ጥግ አለቀስኩ። ያለቀስኩት እውነቱን ስለነገረኝ ነው። ስሜ ተጽፎ ምን እንደሚመስል በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር። በነጋታው ጠዋት ማሽኑን ሳሞቅ ጣውላውን ቀና ብዬ አየሁትና ከእነዚያ ጭረቶች መካከል የእኔ እንዲገባ ፈለግሁ። ምንም ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም።

ቢኒን በመምታት አላሸንፈውም። ጣቱ ዝናብ ነው፤ ማን ይችለዋል? ካልነካኝ ግን አያሸንፈኝም ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ መምታቱን ትቼ አረማመድ ብቻ መለማመድ ጀመርኩ። የኋላውን ቀስት ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስትነኩት ሰውዬው ወደ ኋላ ፈንጠር ይላል። ችግሩ ግን ከፈነጠረ በኋላ እንደተተከለ ለአፍታ ይቆማል፤ ሁለተኛው እርምጃ ይዘገያል። የሚመታውም እዚያች ላይ ነው። ሳምንት ሙሉ ሞከርኩ፣ አልሆነም።

የመረጥኩት ደግሞ ማንም የማይመርጠውን ሽበታሙን ሰውዬ ነበር። ወንዶቹ ሼባው ይሉታል። እኔ ሽማግሌ ለምጃለሁ፤ ከጎረምሶቹ ይልቅ እሱ ቀለለኝ። አንድ ጠዋት ታዲያ የእሁዱን እንግዶች እያሰብኩ ሼባውን ወደ ኋላ አስፈነጠርኩትና ሳላውቀው እኔም ዱካው ላይ ጎንበስ አልኩ። አውራ ጣቴ አብሮኝ ወደ ታች ተንሸራተተ። ሼባውም ጎንበስ አለ፤ ወዲያው ወደ ኋላ ፈነጠረ። መቆም የለ፣ መዘግየት የለ! ከዚያ ደገምኩት። አንድ እርምጃ፣ ጎንበስ፣ አንድ እርምጃ፣ ጎንበስ። አባቴ ያስተማሩኝ ራሱ ነው! ሼባው ሳፋ የያዘ ይመስል እስከ ሜዳው ጥግ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረኝም። ጠዋት በማሽኑ፣ ቀን ደግሞ በልብስ ሳሙና እለማመዳለሁ። ሳሙናው ላይ በጥፍሬ አራት ቀስት ቀርጬበት ልብስ እያሰጣሁ አውራ ጣቴን አንሸራትታለሁ። ጣቴ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደረቀ፣ እንደ ተረከዝ ጠነከረ። በመጀመሪያ ከሦስት አንዱ ይሳካልኛል። ኋላ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮዬ ብቻ የሼባውን ኮቴ እየሰማሁ አደርገው ጀመር። ይህን ስል ኩራቴን አልደብቅም። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አላየኝም።

አንድ እሁድ ግን ልማዱ ቤትም ተከተለኝ። እንግዳ አስታጥቤ ስመለስ እግሬ በሼባው ፍጥነት ሄደና ሳፋው የአንድ ሽማግሌ ጋቢ ላይ ተደፋ። አባቴ «አንቺ ልጅ፣ ማን አባረረሽ?» አሉ። ምን ልበል? ጋቢውን ሳጥብ ዋልኩ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ እንዲሁ እሁድ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ እመለሳለሁ ብዬ ጌም ቤት ገባሁ። ቢኒ እንደልማዱ ወንበሩ ላይ ነው። ተሸናፊው ሲነሳ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ሼባውን ስመርጥማ ሳቁ ፈነዳ።

«ሼባውን! እድር ልትሰበስቢ ነው?» አለ ቢኒ። «ተው፣ መዋጮ ረስተህ ይሆናል» አለው አንዱ ከኋላ።

የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፍኩ። ያን ሁሉ ተለማምጄ! ገና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስል «ፈሪ! ሳሪስ ልትደርሺ ነው!» ብለው ጮኹብኝ። እዚያ ቤት ወደ ኋላ ማለት ነውር ነበር፤ ሁሉም ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚቧቀሰው። አፈርኩና እኔም ቆሜ ተቧቀስኩ። ቢኒ በአንዲት ትንፋሽ ጣለኝ። ለካ ማፈር ሁለቴም ጎድቶኛል፤ አንዴ አንደኛ ክፍል በር ላይ፣ አንዴ እዚህ።

ሁለተኛው ዙር ሲጀምር ለራሴ፣ ቢኒ እንግዳ ነው፣ እኔ ደግሞ አስታጥቤ እየተመለስኩ ነው አልኩ። አንድ እርምጃ፣ ጎንበስ። እግሩን ወረወረ፣ አየሩን መታ። አንድ እርምጃ፣ ጎንበስ። ወረወረ፣ አሁንም አየር። የሳተ እግር እስኪሰበሰብ ጊዜ ይፈልጋል፤ እዚያች ላይ ሼባው ገባ ብሎ አንድ ቡጢ ያቀምሰዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ጎንበስ ነው። «ቃሊቲ ደረሰች! ደብረ ዘይት!» እያሉ ይጮሃሉ። አልሰማኋቸውም፤ የምሰማው የሼባውን ኮቴ ነው። ሁለተኛውን ዙር በላሁ። ሦስተኛው ላይ ቢኒ ቁልፎቹን መደብደብ ጀመረ። ሲናደድ ይበልጥ ይስታል፣ ሲስት ይበልጥ ይናደዳል። ሼባው የመጨረሻውን ቡጢ ሲያሳርፍ የቢኒ ሰውዬ በጀርባው ወደቀ።

«አይቆጠርም! እየሸሸች ነው!» ብሎ ጆይስቲኩን ወረወረ። ግማሹ አይቆጠርም፣ ግማሹ ይቆጠራል ብሎ ቤቱ ተደበላለቀ። እኔም ተነስቼ «ስሜን ጻፍ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ድንገት ሁሉም ጸጥ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ዞር ስል የጆንያው መጋረጃ ተገልጦ አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ሽማግሌዎቹ ቤት መጥተው አስታጣቢ ጠፍቷል ለካ!

አባቴ እኔን አላዩኝም። «ምንድን ነው ክርክሩ?» አሉ።

«ጋሼ፣ እየሸሸች ነው ያሸነፈችኝ» አለ ቢኒ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«የቱ ነው የእሷ?»

«ያ ሼ... ያ ሽማግሌው።»

«እስቲ ድገሙት፣ ልየው።»

የእድር ዳኛ ናቸዋ፤ ሳያዩ አይፈርዱም። ቁጭ ብዬ ሼባውን አስነሳሁት። አንድ እርምጃ፣ ጎንበስ። አንድ እርምጃ፣ ጎንበስ። አባቴ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረቡ። ያስተማሩኝን እርምጃ ያወቁት መሰለኝ።

«የሸሸ ሰው የሚያሳይህ ምኑን ነው?» አሉት ቢኒን።

«ጀርባውን።»

«ይሄ ሰውዬ አንድ ጊዜ እንኳ ጀርባውን ሰጠህ?»

ቢኒ ቴሌቪዥኑን አየ፣ መሬቱን አየ። «አልሰጠኝም።»

«እንግዲያው አልሸሸችም። ጻፍላት።»

የማያሾፍ የቢኒን ፊት ያየሁት ያኔ ነው። የራሱን ስም በክንዱ ጠርጎ፣ ከላይ ሦስት ፊደል በዝግታ ጻፈና ጣቱን ከሥሩ እያስኬደ «ስ፣ ን፣ ዱ» አለኝ። ስቆ አይደለም። የጠመኔው አቧራ ትከሻዬ ላይ ወረደ፤ እስከ ማታ አላራገፍኩትም።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ «ያ ሽማግሌ ጨዋ ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ፍጠኚ፣ ሰባት ሰው እጁን ሳይታጠብ ቁጭ ብሏል» አሉኝ።

አንደኛ ሆኜ የቆየሁት ሦስት ሳምንት ነው። ቢኒ አየና ተማረ፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። እስከ መካኒሳ ድረስ የነበረው ተጫዋች ሁሉ ጎንበስ ባይ ሆነ። ማን እንዳመጣው ሲጠየቁ «ስንዱ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ሲሞቅ በወደቀ ጠመኔ ስሜን ወለሉ ላይ እገለብጥ ነበር። ማን ስንተኛ እንደሆነ ሲጮኹ ስለምሰማ ሁለተኛው መስመር ቢኒ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከእሱ ስም «ቢ»ን ወሰድኩ። እንዲያ እንዲያ እያልኩ ከአሥሩ ስም የለቀምኳቸው ፊደላት ናቸው ይህን የሚጽፉት። የጎደሉኝን ኋላ ሰው እየጠየቅሁ ሞላሁ።

የዚያን ጊዜው ቤት ዛሬ ፎቅ ወጥቶበታል። እንግዳ ሲመጣ «ቧንቧው እዚያ ጋ ነው» ይባላል፤ ጎንበስ የሚልለት የለም። እኔ ብቻ ሰው ቤት ሄጄ ስወጣ እስከ በሩ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ ልጄ ትስቅብኛለች። የልጅ ልጄ በስልክ ትደባደባለች፤ መስታወቱን በጣቷ ስትነካ እንኳ ድምፅ የለውም፣ ጣቷም ለስላሳ ነው። ለስላሳ ይሁንላት።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ትናንት ደብተሯን ይዛ መጣችና «እማማ፣ ፊደል የሚጀምረው ከሀ ነው፣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«የእኔ ከስ ነው የጀመረው» አልኳት።

«ለምን?»

ማስታጠቢያውን አንስቼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩና ጎንበስ አልኩላት።