ሥር የሌላት ተክል

በእስር ቤቱ ክፍል ውስጥ ሦስት ነበርን። አንደኛው በጎንደር ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ፤ ሁለተኛው የተማሪ ቤት የሳይንስ አስተማሪ፤ ሦስተኛው እኔ፣ ፊደል በራሴ የቆጠርሁ የትክል ድንጋይ አገር ገበሬ። የመሬት ግብር በዛብን የሚል አቤቱታ አስተማሪው ጻፈ፣ መሪጌታ አቃኑት፣ እኔ ዞሬ አስፈረምሁ። በአንድ ቀን ተያዝን።

ክፍሉ እርጥብ ኖራ ይሸታል። መጀመሪያ ያየሁት ከግንቡ ስንጥቅ የወጣች አረንጓዴ ተክል ነው። ቅጠል የላትም። ግንዷ ሁለት ሁለት እየሆነ ተከፋፍሎ እንደ ዝንብ ማባረሪያ ጭራ ተንዠርግጓል፤ በላዩ ቢጫ እንክብሎች አሉበት።

አስተማሪው በደስታ ዘለለ። "ይህችን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቻት አላውቅም! ሥርም የላት፣ ቅጠልም የላት። ሊቃውንት ዘመድ ቢያጡላት ለብቻዋ መድበዋታል።"

"እንግዲያ እሷም እንደኛ ታስራለቻ!" አሉ መሪጌታ።

እኔ ተቆጣሁ። ልጆቼን የማሳድገው ሥር የሌለው ነገር አይጸናም እያልሁ ነው። "ሥር አላት! ከግንቡ ውስጥ ተደብቋል!"

"ኧረ አያ፣ ቀስ ይበሉ" አለኝ አስተማሪው። ዘበኛው ግን ከደጅ ሰምቷል። በኛ አገር ደብተራ ሥር ምሶ ሰው ያፈዝዛል ተብሎ ይታማል። የእስር ቤቱን አዛዥ ይዞ ገባ።

"ጌታዬ፣ ይኸው! መሪጌታ ሥር ተክለው ሊደግሙብን ነው!"

አዛዡ መሪጌታን ወደ ጨለማ ቤት ውሰዷቸው አለ። ደረታቸውን የሚያፍናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እዚያ አንድ ሳምንት አይከርሙም።

"ቆይ ጌታዬ፣ ተነቅላ ትታይ" አልሁ። አንድ ጥፍሬ እስኪነቀል ስንጥቁን በጣቴ ፈልፍዬ ሳብኋት። ከታችም ያው ግንድ ነው፤ ጠጉር ከመሰለ ነገር በቀር ሥር የሚባል የለም።

አዛዡ አገላበጣት። "ሥሩ የታል?"

"አያ ናቸው አላት ያሉ!" አለ ዘበኛው።

"አያስ ምን ይላሉ?" አለኝ አዛዡ።

"አያ ተሳስተዋል" አልሁ።

አዛዡ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወጣ። መሪጌታም ቀሩልን። በሩ ሲዘጋ፣ "ምነው፣ ስትሳሳት እንዲህ ሸጋ ነህ?" አሉኝ። እስኪያስለን ሳቅን።

ስለ ተክል የተማረችው ልጄ፣ ያች ተክል ዛሬ ዘመድ ተገኝቶላት ፈርን ከሚባሉት አበባ የለሽ ተክሎች ወገን እንደምትቆጠር ነገረችኝ። ሊቃውንትም ይታረማሉ ማለት ነው። ሰው ስሕተቱን ለማመን ሲዘገይ ግን ሌላው ይከፍልለታል። የኔ ጩኸት በድምሩ ያስከፈለው ይህ ነው፤ መሪጌታን አንድ ድንጋጤ፣ እኔን አንድ ጥፍር፣ አስተማሪውን በዚያ ክፍል የነበረውን አንድ ደስታ፣ ያችን ተክል። እሱም እስክንፈታ አንድም ቀን አልወቀሰኝም።