ያለ ድምፅ መጸለይን የተማርኩበት ሕመም

የመጀመሪያው ምልክት የድምፅ መጎርነን ነበር። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ስም ስጠራ ድምፄ መሀል ላይ ተሰነጠቀ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እሁድ ብዙ ዘምሬ ስለነበር የዚያ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ዝንጅብል አፈላሁ፣ ማር ላስኩ። በሳምንቱ አልተሻለኝም። በወሩም አልተሻለኝም። ጠዋት ደህና የነበረው ድምፅ ከቀትር በኋላ እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ትንፋሽ ብቻ ይቀረኛል። ሕመም የለውም። ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር የተጣበቀ እየመሰለኝ ሁልጊዜ እጠርገዋለሁ። ይህን የምጽፈው በድምፃቸው ለሚኖሩ ሰዎች ስለሆነ ከወዲሁ ልናገር፦ ሳምንታት አልፈው የማይለቅ መጎርነን ባያምም እንኳ ሐኪም ሊያየው ይገባል። እኔ ትምህርት እስኪዘጋ ጠበቅሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ቶንሲል ነው ብሎ አሞክሳሲሊን ሰጠኝ። ጨረስኩት፤ ምንም አልለወጠም። ከዚያ ሪፈር ተጽፎልኝ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ሐኪሙ ላሪንጎስኮፒ አደረገልኝ፤ በአፍንጫ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ነው፣ ጫፉ ላይ ካሜራ አለው። ያስነጥሳል፣ ያስለቅሳል፣ ግን አያምም። የድምፅ አውታሮቼን በስክሪኑ ላይ አሳየኝ። አንደኛው ላይ ፍሬ መሰል ነገር በቅሏል።

«ፖሊፕ ነው» አለ። «በቀዶ ጥገና ይወጣል። ከሚወጣው ሥጋ ለባዮፕሲ ምርመራ እንልካለን።»

በባዮፕሲ ምን እንደሚፈለግ አውቃለሁ። ባለቤቴ ማቴዎስም ያውቃል። ወደ ቤት ስንመለስ ሁለታችንም ቃሉን አላነሳነውም።

ቀዶ ጥገናው በሙሉ ማደንዘዣ ነው፤ አጭር ነው፤ በውጭ የሚታይ ቁስል የለውም። ስነቃ ሐኪሙ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ዝም ይበሉ» አለኝ። «ሙሉ የድምፅ ዕረፍት ነው። ቀጠሮዎ እስኪደርስ አንድ ቃል አይናገሩ።» ራሴን ነቀነቅሁ። የባዮፕሲው ውጤት ከቀጠሮው በፊት ደረሰ። ካንሰር አይደለም። ማቴዎስ ውጤቱን ይዞ ከበር ሲገባ እያለቀሰ ነበር፤ ለአፍታ ተቃራኒው መሰለኝ።

አሁን ስለ ጸሎቴ መናገር አለብኝ፤ ያለ እሱ ቀጥሎ የሆነው አይገባም። ካቶሊክ ነኝ። በቁምስናችን መቁጠሪያ የማስጀምረው፣ ለቅሶ ቤት የማጽናናው፣ የታመመ ስንጠይቅ በጸሎት የምዘጋው እኔ ነኝ። ጸሎቴ ረጅም ነው ይባላል፤ ያማረ ነው የሚሉም ነበሩ፣ አልክድም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ቤታችን የምናወራው በሀዲይኛ ቢሆንም ስጸልይ አማርኛዬ ራሱን አስተካክሎ ይወጣል። ከታመመው ጀምሬ ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱን፣ አገሩን አዳርሼ ነው አሜን የምለው። ድምፅ የሌለው ጸሎት ለእኔ ሐሳብ ነው እንጂ ጸሎት አልነበረም።

በእኛ አገር ደግሞ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ጠያቂ ይመጣል፣ ሕመሙ ከሥር ከመሠረቱ እንዲነገረው ይጠብቃል፣ ከዚያ ይጸልያል፣ ይሄዳል፣ ሌላው ይገባል። እኔ መናገር ስለማልችል ታሪኩን የማውራት ሥራ ማቴዎስ ላይ ወደቀ። ማቴዎስ የሀደሮ ልጅ ነው፤ ከእሱ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውኃ እንደመጭመቅ ነው። መጀመሪያ «ትንሽ ጉሮሮዋን ነው» ብቻ ይል ነበር። ጠያቂ ሲበዛ እየተካነ ሄደና በመጨረሻ ፖሊፑን ራሱ ቆርጦ ያወጣው እስኪመስል ድረስ ይተርከው ጀመር። ታሪኩ ማለቅ ሲገባው ከራሱ የሚጨምራቸው ነገሮች ነበሩ፤ ማረም አልችልም፤ ያቃጥለኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎች ለመሄድ ሲነሱ አንዷ ጎረቤታችን «እህት ወርቅነሽ እያለች ማን ይዘጋል?» አለች። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጉሮሮዬን በጣቴ አሳየሁ። «በቀስታ» አለች፣ «እኛ ጠጋ እንላለን።» ጠጋ አሉ። እኔም በሹክሹክታ ጸለይኩ። ሐኪሙ አትናገሪ አለ እንጂ አትጸልዪ አላለም፤ ጸሎት ደግሞ ወሬ አይደለም። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጣ ሁሉ በእኔ ሹክሹክታ ተሸኘ፤ መቁጠሪያዬንም ጠዋት ጠዋት በሹክሹክታ ደገምኩ። በስልክ እንዳልናገር ስልኬን ሲደብቅ የነበረው ማቴዎስ እንኳ አጠገቤ ተቀምጦ አሜን ይል ነበር።

በቀጠሮው ቀን ቱቦው ገባ። ሐኪሙ ስክሪኑን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። 

«ተናግረዋል?»

ስልኬ ላይ ጻፍኩለት፦ «አንድ ቃል አልተናገርኩም።» የዋሸሁ አልመሰለኝም።

«እውነቷን ነው ዶክተር» አለ ማቴዎስ፣ «ከጸሎት በቀር ድምፅ አላወጣችም።»

ሐኪሙ ወደ እሱ ዞረ። «ጸሎቱ በምንድን ነው?»

«በሹክሹክታ።»

«ሹክሹክታም ድምፅ ነው!» አለ። ከዚያ ለስለስ ብሎ ወደ እኔ ተመለሰ። «እንዲያውም የተጨነቀ ሹክሹክታ አውታሮቹን የባሰ ያደክማቸዋል። ቁስሉ አልዳነም። ግራኑሎማ ጀምሯል፤ ያበጠ ሥጋ ነው። እግዚአብሔር እንደሆነ ጆሮው አይከብድ፣ መምህርት። አሁን በእውነት ዝም ይበሉ።»

ጻፍኩ፦ «ባይድንስ?»

«ድምፅዎ በዚሁ ይቀራል። ክፍል ውስጥ ማስተማር አይችሉም።»

ወጣን። ባጃጅ ውስጥ ማቴዎስ እጄን ያዘ።  ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ሌላ የማውቀው ጸሎትም የለም።

ከጠያቂ ለመሸሽ ጃጁራ ታላቅ እህቴ አበበች ዘንድ ሄድኩ። አበበች ገበያ ላይ እህል ትነግዳለች። ለሁለት ሰው የሚሆን ወሬ ስላላት ዝምታዬ አልከበዳትም፤ ጠይቃኝ ራሷ ትመልሳለች። «ቁርስ ትበያለሽ? ትበያለሽ እንጂ፣ ምን ትሆኛለሽ።» ቀን ቀን ገበያ ስትውል የጓሮውን ክፍል ለቀቀችልኝ። መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ነበር። መጸለይ ካልቻልኩ ቢያንስ አነባለሁ ብዬ ጀመርኩ፤ እንደምጸልየውም አነበብኩ፣ እየሮጥኩ። ምዕራፍ በምዕራፍ ላይ ጨርሼ መጽሐፉን ስዘጋ ሥራ የሠራሁ ይመስለኛል። ከዚያ ፍርሃቱ ይመለሳል።

በጡረታ ላይ ያሉ አባ ሉቃስ የሚባሉ ካህን በአበበች ሠፈር ይኖራሉ። ቅዱስ ቁርባን ይዘውልኝ መጡ። ሲጨርሱ ዛሬ ምን እንዳነበብኩ ጠየቁኝ። ስልኬ ላይ ጽፌ አሳየኋቸው፦ አራት ምዕራፍ።

«ምን አለሽ?» አሉኝ።

 ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። ያነበብኩት ሁሉ በዓይኔ አልፎ ሄዷል።

«ጥቂት አንብቢ፣ ልጄ» አሉ። «አንዲት ታሪክ። ቀስ ብለሽ። የሆነ ቦታ ላይ ከያዘሽ አትለፊ፣ እዚያው ተቀመጪ። ለምን ያዘኝ ብለሽ አስቢ፣ ያሰብሽውን ለእሱ ንገሪው፣ ከዚያ ደግሞ ዝም በይ። ካልያዘሽ ነገ ተመልሰሽ እሱኑ አንብቢ።»

ለአስተማሪ ይህ ለደካማ ተማሪ የሚሰጥ የቤት ሥራ ነው። ተቀየምኩ ማለት እችላለሁ። ቢሆንም ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ከወንጌል ውስጥ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ይለምን የነበረውን ዓይነ ስውር ታሪክ መረጥኩ። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልያዘኝም። ሰውየው ጌታን እየጠራ ይጮኻል፣ ሰዎች ዝም በል ይሉታል፣ እሱ ብሶበት ይጮኻል። ቀናሁበት፤ እሱ ጉሮሮው ጤነኛ ነው። በሁለተኛው ቀን ተበሳጨሁ፤ በሦስተኛው የአበበችን ጤፍ እየለቀምኩ ዋልኩ፣ መጽሐፉን አልከፈትኩም። እንዲህ ያለ ቀን ይኖራል፤ እንዳይኖር የሚያደርግ ዘዴ አላገኘሁም።

ስመለስበት ግን አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ጌታ ሰውየውን አስጠርቶ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል። ዓይነ ስውር ምን ይፈልጋል? የታወቀ ነው። ለምን ይጠየቃል? ይህን እያሰላሰልኩ አበበች ከገበያ እስክትመለስ ተቀመጥኩ፤ በማግሥቱም እዚያው ነበርኩ፤ በማግሥቱም። በዚህ መካከል ቀስ ብሎ የገባኝ ነገር ቢኖር እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ጸሎቴ እንዲህ ተብዬ እንድጠየቅ ፋታ ሰጥቼ አለማወቄ ነው፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ በቅደም ተከተል ዘርዝሬ፣ ለሁሉም አዳርሼ፣ አሜን ብዬ እነሣለሁ። አሁን የምዘረዝርበት አንደበት ስለሌለኝ ጥያቄው ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ። መልሴም ያማረ አልነበረም። ፈርቻለሁ፤ ድምፄን መልስልኝ። ይኸው ነው። «ፈርቻለሁ» የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት በጸሎት ተጠቅሜው አላውቅም፤ ዙሪያዬን ሰው ተቀምጦ እየሰማኝ እንዴት እላለሁ?

በውስጤ ከተናገርኩት በኋላ ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ግን ብቻዬን አልተሸከምኩትም። ለቀሪዎቹ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ጥቂት መስመር እያነበብኩ፣ የያዘኝ ላይ እየቆምኩ፣ አንዳንዴም እንቅልፍ እየወሰደኝ፣ ከሰዓት አበበች ሽሮ ስታማስል ሽንኩርት እየከተፍኩላት፣ በውስጤ ያነበብኩትን እያመላለስኩ ኖርኩ፤ ዝምታው ከሐኪም ትእዛዝነት ወጥቶ የራሴ እየሆነ ሄደ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ስክሪኑን አይቶ «ጥሩ» አለ። እብጠቱ ጠፍቷል። «እስቲ በቀስታ ኢ ይበሉ።» አልኩ። የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም፤ ወፍራም፣ ሻካራ፣ የሌላ ሴት ድምፅ ነው። «ከዚህ ትንሽ ይሻሻላል» አለ። «የድሮው ግን አይመለስም። ያስተምራሉ፤ አይጮኹም። ከፍ ያለ መዝሙር የለም። ረጅም ንግግር የለም።» አለቀስኩ። የደስታም የሐዘንም ነበር፤ መለየት አልቻልኩም። አሁን ክፍል ውስጥ ወገቤ ላይ በምታጠቀው አነስተኛ ድምፅ ማጉያ አስተምራለሁ። የመዝሙሩ መቅረት አሁንም ያመኛል።

እንደ እኔ ለታመማችሁ የምመክረው ጥቂት ነው። ቶሎ ታዩ። ዝም በሉ ስትባሉ ጸሎትንም ጨምሮ መሆኑን እወቁ። ውኃ ጠጡ፣ ጉሮሯችሁን አትጠርጉ። ጠያቂ ካበዛባችሁ የምትሸሹበት ዘመድ ፈልጉ፤ ማንም አይቀየምም፣ ቢቀየምም ያልፍለታል። ማንበብ የምትችሉ ከሆነ ጥቂት አንብቡና ብዙ ቆዩበት። ማቴዎስን፣ አበበችን፣ አባ ሉቃስን፣ ያን ቆጣ ያለውን ሐኪም አመሰግናለሁ፤ ባይቆጣኝ ኖሮ ዛሬም እያንሾካሾክሁ ነበር።

አንድ ሰው ደግሞ ቀርቶኛል። በቅርቡ የሥራ ባልደረባችንን እናት ልንጠይቅ ሾኔ ሄደን ነበር። አሮጊት ናቸው፤ ልባቸው ደክሟል። ቤቱ ሞልቷል፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው በሁለት ማዕዘን ተቀምጠዋል። እንደ ልማዳችን ሁሉም ተራ በተራ ስለ እሳቸው ጸለየ፤ ጤና ተለመነላቸው፣ ዕድሜ ተለመነላቸው። መጨረሻ ላይ እህት ወርቅነሽ ዝጊልን ተባልኩ። ጉሮሮዬ ረጅሙን አይችልም። ያንኑ የዓይነ ስውሩን ታሪክ በዚህ ሻካራ ድምፅ አነበብኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ እርስዎስ ምን እንለምንልዎት?» አልኳቸው።

 አንድ ሰው መዝጊያውን ጸሎት ረሳችው መሰለኝ ብሎ ሊጀምር ሲል በእጄ አቆምኩት። እሳቸው ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ።

«ዕድሜ ይበቃኛል» አሉ። «እነዚህ ሁለቱ ከእኔ በፊት ይታረቁልኝ።»

ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። መታመማቸውን ሁላችንም ከሰማን ቆይተናል፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። እኔ አሜን አልኩ፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ትልቁ ልጅ ከማዕዘኑ ተነሥቶ በሰው መካከል ወደ ወንድሙ መሄድ ጀመረ።